ጥያቄው ከሐኪሙ ይምጣ

ቁጥር፦ 1/17
ሀና ማርያም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለራኬብ
ናይሮቢ
ጉዳዩ፦ የአሰገደችን እጅ ይመለከታል

ውድ ልጄ ራኬብ፣

ሰላምታዬ ደጅሽ ድረስ ይምጣልሽ። ሀና ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። እኛ አለን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ሲደርስ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ደብዳቤዬን በቁጥርና በጉዳይ መጀመሬ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለ ቁጥር መጻፍ አይሆንለትም። ይህን ተከራያችን ያኤል በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ታክሲ መያዣው ጋ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት። የአንቺንም መልስ አትማ ታመጣልኛለች፤ ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ለእኔ ገና ያልተፈረመ ነው። «አላነበውም ጋሼ» ትላለች። ታነበዋለች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአሰገደች ቁርጥማት ብሷል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉም። የቀሚሷን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ፤ እኔም ጎበዝ አይደለሁም፣ አንዱን ሁልጊዜ እዘላለሁ። ባለፈው ሳምንት የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ አለችና አቃታት። እዚያው ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ትዳር ስታለቅስ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

ጎፋ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ቶሌራ የሚባል የመገጣጠሚያ ሐኪም አለ። የድሮው ክኒን አልሠራም ብሎ በየሁለት ሳምንቱ የሚወሰድ አዲስ መርፌ ሊያስጀምራት አስቧል። ስሙን በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ያኤል ኢንተርኔት ላይ ብትፈልገው የአንቺ ኩባንያ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። አሰገደች ይህን ስትሰማ «ልጄ የሠራችው ነዋ» አለችና ነገሩ አለቀላት።

እኔ ግን መጠየቅ አለብኝ። መርፌው ጥሩ ነው ወይ? ትጀምረው?

ፈጣሪ በሰው አገር ፊትሽን ያብራልሽ።

አጎትሽ መኩሪያ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 20/2017

ለጋሼ መኩሪያ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜአለሁ፣ የሚያጉረመርመውን። ለእትዬ አሰገደች ሰላም ይበሉልኝ። መርፌውን የሠራሁት እኔ አለመሆኔን ቀስ ብለው ይንገሯቸው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼዎ አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኩባንያው ውስጥ መድኃኒቱን የሚያስተዋውቁ ሰዎች አሉ። ቦርሳ ይዘው ክሊኒክ ለክሊኒክ ይዞራሉ፣ ስንት እንደተሸጠም ይጠየቃሉ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም። የእኔ ሥራ ሜዲካል ሳይንስ ሊያዞን ይባላል፤ የሳይንስ አገናኝ ቢባል ያስኬዳል። ሐኪሞች ስለ መድኃኒቱ የከበዳቸውን ነገር ይጽፉልናል፣ እኔ ጥናቱን አገላብጬ እመልሳለሁ። የሚጎዳበትንም የሚጠቅምበትንም እኩል እናገራለሁ። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ የምመጣውም ለዚሁ ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ አልናገርም። ለታማሚ ምክር አልሰጥም፣ ለዘመድማ ጭራሽ አይታሰብም። የኩባንያው ሰው «ጀምሩት» ካለ ገበያ ነው፣ «ተዉት» ካለም ሐኪሙን መጋፋት ነው።

ስለዚህ ዶክተር ቶሌራን ይጠይቋቸው። እሳቸው የከበዳቸው ነገር ካለ ለኩባንያው ይጽፋሉ። ጥያቄው ከሐኪሙ ይምጣ።

እንዳይቀየሙኝ ጋሼ።

ራኬብ


ቁጥር፦ 2/17
ሀና ማርያም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ላልተሰጠ መልስ ማስታወሻ ስለማቅረብ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? የእግዚአብሔር ቸርነት አይለይሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ደብዳቤ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ «ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ክፍል ስለሆነ» የሚል። ያኤል ወረቀቱን ስትሰጠኝ «ልጅዎ ጠበቃ ናት እንዴ?» አለችኝ። አላነበብኩም ባይዋ።

ሐኪም ጠይቅ ትይኛለሽ። ሐኪም እንዴት ነው የሚጠየቀው? ወረፋው እስከ ደረጃው ነው። እኛ ገብተን እስክንወጣ ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው። «ጥያቄ አላችሁ?» ሲል አሰገደች ከእኔ ቀድማ «የለንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ትልና ነጠላዋን ታነሳለች። እኔስ ብሆን ልጄ በሚሆን ሐኪም ፊት «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ልበለው? ያስነውራል።

የጠየቅኩት ኩባንያውን አይደለም። ፊደል ያስቆጠርኳትን ልጅ ነው። አንድ ቃል ይበቃኛል፣ አዎ ወይም አይሆንም።

አሰገደች ሰላም ብላሻለች። የልጄን መርፌ መቼ ነው የምወጋው እያለች ቀን ትቆጥራለች። ሲሻላት መጀመሪያ የምትሠራው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «በሬን ራሴ ከፍቼ መውጣት» አለች።

መኩሪያ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 3/2017

ለጋሼ መኩሪያ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ተቀይመዋል፤ ገብቶኛል። አንዷን ቃል ግን አልጽፍም።

አንድ ነገር ልነግርዎ እችላለሁ፤ በመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ የታተመ፣ ማንም ገዝቶ የሚያነበው ስለሆነ። መርፌው የሚሠራው የሰውነትን መከላከያ በማብረድ ነው። ቁርጥማቱ የሚቀለውም ለዚህ ነው። መከላከያው ሲበርድ ግን ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ ቲቢ ሊነሳ ይችላል። የተነሳባቸው ሰዎች አሉ፣ የሞቱም አሉ። ለዚህ ነው ሐኪሙ ሳያስጀምር ስለ ድሮ የሳንባ ሕመም የሚጠይቀው፣ ራጅም የሚያስነሳው።

ሐኪሙ ይህን ጠይቋቸዋል? ራጅ ተነስተዋል? እትዬስ በወጣትነታቸው ቲቢ ነክቷቸው ያውቃል? እኔ ቤታችሁ ሳድግ አልሰማሁም። ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት የሆነውን አላውቅም።

ለምን እንደምጨቀጭቅዎ ልንገርዎ። ሐኪሞች ተሰብስበው ንግግር ሳደርግ ሁልጊዜ በእናቴ ነው የምጀምረው። «እናቴን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወባ ወሰዳት። መድኃኒቱ አገር ውስጥ ነበር፤ ያልደረሰው እውቀቱ ነው» እላለሁ። የፋርማሲ ትምህርት የመረጥኩትም በእሷ ምክንያት እንደሆነ ያውቃሉ። በእትዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲደገም አልፈልግም።

ጉልበት ስሜ፣
ራኬብ


ቁጥር፦ 3/17
ሀና ማርያም፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ልዩ ልዩ

ውድ ልጄ ራኬብ፣

የዘገየሁት በደህና ነው፤ አሳቢ ልብሽን አምላክ ያሳርፈው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብለሽ አትሳቂ።

ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ሆኗል፣ እሱም ሲፈልግ ነው። ወደ ለቡ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ታክሲ በዞረ ቁጥር ወገባችን ይንቀጠቀጣል። የኩሽናው ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ጎረቤታችን ዳዲ ወጥቶ ሁለት ቆርቆሮ ቀየረልን። አዲሱ ቆርቆሮ ከአሮጌው ጋር ቀለሙ አልገጠመም፤ አሰገደች ግቢ ውስጥ ቆማ እያየች ትበሳጫለች። ያኤል ሱቋ ውስጥ ሁለተኛ የኮፒ ማሽን አስገብታለች። በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ዝርዝር ውስጥ የአሰገደችን ስም አስገብቼአለሁ አለችኝ፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን ብላት «እጅ ነው የምንጸልይለት፣ እጅ ሃይማኖት የለውም» አለች።

የጠየቅሽውን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ጠይቋል። ራጅም ተነስታለች። በቀኝ ሳንባዋ ላይ ትንሽ ጠባሳ አየና ምንድን ነው አላት። በልጅነቴ ኒሞኒያ ታምሜ ነበር ብላዋለች፣ ጽፎታል። የክንድ ምርመራም ተደርጎላት ምንም አላሳየም። መርፌው ጥር 15 ይጀመራል። በሦስተኛው ጥያቄሽ ላይ አዲስ ነገር የለም።

ለገና ጥቂት ዶሮ... ይቅር፣ ስለ ዶሮ ዋጋ መጻፍ ደስ አይልም። በዓሉን በሰላም ያድርስሽ።

መኩሪያ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 19/2017

ጋሼ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ደብዳቤዎ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ስድስት ሳምንት ጠብቄው ስለ ቆርቆሮ አነበብኩ።

«አዲስ ነገር የለም» መልስ አይደለም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «የለም» እና «አዲስ ነገር የለም» ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይሉኝ ነበር፣ ትምህርት ቤት ተደብድቤ መጥቼ አፌን ስዘጋ። እርስዎ በደብዳቤ አንድ ነጥብ ዘለው አያውቁም።

ምን እንደሆነ ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሰው ይሰማብናል የምትሉ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ለእሱ ብቻ ይንገሩት። መርፌው ይከለከላል ብላችሁ ፈርታችሁ ከሆነም አይከለከልም። ሐኪሙ ካወቀ መጀመሪያ ሳንባቸውን በደንብ ያያል፣ ተኝቶ ያለውን የሚከላከል ክኒን ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ ይጀምራል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ካላወቀ ግን እጃቸውን አድነን እሳቸውን እናጣለን።

ይህን የምጽፈው እንደ ኩባንያ ሠራተኛ አይደለም። አለቃዬ ቢያየው ያባርረኛል። ፈርቻለሁ ጋሼ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። እስከ ጥር 15 ሃያ ስድስት ቀን አለ።

ራኬብ


ቁጥር፦ 4/17
ሀና ማርያም፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ መፈጸሙን ስለማሳወቅ

ልጄ ራኬብ፣

ጤናሽ ይጠበቅ። ለዶክተር ቶሌራ በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በቃል ልናገር አስቤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ሳልናገር ተመለስኩ። በሦስተኛው ሁለት ገጽ ጽፌ፣ አሰገደች ደም ልትሰጥ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። እፊቴ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ወረፋውን ረስቶ ግማሽ ሰዓት አነጋገረኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

የጥር 15ቱ ቀጠሮ ተሰርዟል። ስለ መርፌው ለኩባንያችሁ እጽፋለሁ ብሏል።

ለአሰገደች የነገርኳት ታክሲ ውስጥ ነው። እስካሁን አላናገረችኝም። የቀሚሷንም ቁልፍ ያኤል ናት የምትቆልፍላት።

በሥራ ልማዴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስጽፍ ከግርጌ ግልባጭ የሚደርሰውን ሰው ስም አሰፍራለሁ። በዚህኛው ላይ የአንቺን ስም ጻፍኩና ሰረዝኩት።

መኩሪያ


ናይሮቢ፣ ጥር 23/2017

ለአጎቴ ለአቶ መኩሪያ፣

ጥያቄው ከሐኪሙ መጣ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት በተራው ቁጥር ተመዝግቦ ነበር። ለእኛ የሚመጣ ጥያቄ የታማሚ ስም አይኖረውም። እንዲህ ይላል፤ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«ሴት፣ የ57 ዓመት፣ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም። በ1984 የሳንባ ቲቢ ታማ ሕክምናውን ከቤተሰብ ለመደበቅ ስትል በሦስተኛው ወር አቋርጣለች። በ1986 እንደገና ጀምራለች፤ መጨረሷን የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም። በዚያው ቤት ትኖር የነበረች የባሏ እህት፣ የ26 ዓመት ሴት፣ የሦስት ዓመት ልጅ እናት፣ በ1986 በዚሁ ሕመም ሞታለች። ክንድ ላይ የተደረገላት የቲቢ ምርመራ ነጻ ነው፤ ነገር ግን የምትወስደው የስቴሮይድ ክኒን ውጤቱን ሊሸፍን ይችላል። መረጃውን በጽሑፍ ያቀረበው ባሏ ነው። መርፌውን መጀመር ይቻላል? ከተቻለ መቼ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው አምስት ዓመታት ከመጡልኝ ሁሉ የተሟላው ነው።

ታማሚዋን እንደማውቃት ለአለቃዬ ነገርኩት። እንግዲያው ሌላ ሰው ይመልስ አለ። ቀጄላ የሚባል ባልደረባዬ ጽፎ ፈረመ። አጠገቡ ቆሜ አነበብኩት። አራት ገጽ ነው፣ ሁሉም አለበት፦ የአክታው ምርመራ፣ የመከላከያው ክኒን፣ ከዚያ በኋላ መርፌው እስኪጀመር የሚጠበቀው ጊዜ። ለሐኪሙ ዛሬ ተልኳል። ሐኪሙ የሚላቸውን ያድርጉ።

ከንግግሬ ላይ ወባ የሚለውን አጥፍቼዋለሁ። አሥራ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተናግሬዋለሁ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ራኬብ


ቁጥር፦ 5/17
ሀና ማርያም፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የሥራ ሂደት ስለማሳወቅ

ልጄ ራኬብ፣

የትንሣኤው ብርሃን ቤትሽን ይሙላው። በየካቲት አንድ፣ በመጋቢት አንድ መልእክት በያኤል ስልክ ልኬ ነበር፤ አጫጭር ስለሆኑ ቁጥር አልሰጠኋቸውም። መልስ አልመጣም።

የአሰገደች አክታ ሦስት ጊዜ ታይቶ ንጹሕ ሆነ። የመከላከያውን ክኒን እየወሰደች ነው። ዶክተር ቶሌራ ሚያዝያ 20 መርፌውን አስጀመራት። ሆዷ ላይ ነው የሚወጋው። ነርሷ እንዴት እንደሚወጋ አሳየችኝና ሁለተኛውን እኔ እወጋታለሁ። ብርቱካን ላይ እየተለማመድኩ ነው።

ዶክተር ቶሌራ የካቲት ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ እንዳየሽ ነገረኝ። ልጄ መሆንሽን አያውቅም፤ «አንዲት ጎበዝ ሴት ከናይሮቢ መጥታ ነበር» ነው ያለኝ። ቤት አልመጣሽም። አልፈርድብሽም። ለአሰገደች ግን አልነገርኳትም፤ እንዳልተመቸሽ አድርጌ አወራኋት። ዋሸሁ ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲሆን እየሞከርኩ ነው።

መኩሪያ


ቁጥር፦ 1/17
ናይሮቢ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለጋሼ መኩሪያ
ሀና ማርያም
ጉዳዩ፦ ጥያቄ ስለማቅረብ

እንደምን ከረሙ? የእትዬን ደህንነት ከያኤል ሰምቻለሁ፤ እሷ ትጽፍልኛለች። ለእርስዎ እንዳትነግር ለምኛት ነበር፤ ባይነግሩኝም እንደነገረችዎ አውቃለሁ።

የካቲት ላይ መጥቻለሁ። ከለቡ ታክሲ ይዤ ሀና ማርያም ወረድኩ። የግቢው በር ጋ ቆምኩ። እትዬ «ውኃ መጣ» እያሉ ሲጠሩዎ በበሩ ሰማሁ። ጀሪካን ሲንኳኳ ሰማሁ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ለመጻፍ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ግን እንደማይበርድ አየሁ።

በሥራዬ ካልተጠየቅን አንመልስም። ይህን ደንብ ሲነግሩኝ ወድጄው ነበር፤ አሁን ሳስበው የቤታችን ደንብ ስለነበረ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እናቴ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩዎትም። ወባ አላችሁኝ፣ ተቀበልኩ። ስሟ ሲነሳ እትዬ ከክፍሉ ይወጡ ነበር፤ አይቼ ዝም አልኩ። ማስከፋት ፈርቼ ነው።

እንግዲህ እጠይቃለሁ። እናቴ እንዴት ሞተች? ሐኪሙ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። የምፈልገው እርስዎ የሚያውቁትን ነው። በጽሑፍ ይመልሱልኝ።

ራኬብ


ሀና ማርያም፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ራኬብ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም። ያኤልም አታየውም፤ አሽጌ ራሴ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ስድስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

አሰገደችን ያገባሁት በ1984 ነው። ስትመጣ ሳል ነበራት፤ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ የሳንባ በሽታ የተገኘባት ሙሽራ ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች። ስለምወዳት ደበቅኩላት። መድኃኒት ጀመረች፤ ጤና ጣቢያ ስትመላለስ ሰው እንዳያያት ብለን ሳሉ ሲቀንስ ተውነው። በዓመቱ እናትሽ ሸዋረገድ ከአባትሽ ጋር ተለያይታ አንቺን ይዛ እኛ ጋ ገባች። ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፣ መሃሉን በመጋረጃ ከፍለን እንተኛለን። የአሰገደች ሳል ተመለሰ። ለእህቴ ብርድ ነው አልናት።

በ1986 መስከረም ላይ እናትሽ ወንጂ ለቅሶ ደርሳ በተመለሰች በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ መነጽሩ በክር የታሰረ ጎልማሳ ነበር። «ቤት ውስጥ የሚስል ሰው አለ?» አለኝ። አሰገደች ውጪ አግዳሚው ላይ አንቺን ታቅፋ ተቀምጣ በተከፈተው በር ትታየኛለች። «የለም» አልኩት። «ወንጂ ሄዳ ነበር» አልኩት። ወባ ብሎ ጻፈ። እናትሽ ለሦስት ወር የወባ ክኒን ወሰደች። በታኅሣሥ ደም ስትተፋ ሌላ ቦታ ወሰድኳት፤ ያን ጊዜ ታወቀ። የካቲት 11 ሞተች።

ወባ የሚለውን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለሐኪሙ ሰጠሁት፣ ከዚያ ለለቀስተኛው፣ ከዚያ ለአንቺ። እህቴን የገደላት ሳሉ ብቻ አይደለም። አሰገደች በታኅሣሥ መድኃኒቱን እንደ አዲስ ጀምራ በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው ወሰደች። ስትጨርስ የሰጧትን ካርድ ቀደድኩት። መዝገብ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ የቀደድኩት ሰነድ እሱ ብቻ ነው። ዶክተር ቶሌራ ሰነድ የለም ብሎ የጻፈው ያንን ነው።

አሁን ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። እናትሽ ከማን እንደያዛት አውቃለች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ክኒን ሲቆጠርላቸው ማወቅ አያቅትም። አንድም ቀን አልተናገረችንም። በመጨረሻው ወር አንቺን ወደ አልጋዋ እንዳናስጠጋ ከለከለች። እናቴ ልጅቷን ልውሰዳት ብላ ከገጠር መጥታ ነበር። ሸዋረገድ አይሆንም አለች። «አሰገደች መድኃኒቷን እየወሰደች ነው፣ አሁን አትስልም። ልጄን እሷ ትያዝልኝ» አለች። አሰገደች ሁለት ጊዜ አልቅሳለች ብዬሽ ነበር። መጀመሪያው ያ ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ለመጠየቅ ረፍዶብኛል። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ጽሑፍ ነው። እኔ አልነካሁትም።

መኩሪያ


ራኬብ፣ እስክሪብቶ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፊው። እሱ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ለሐኪሙ ነገርኩት ሲለኝ የተጣላሁት መርፌው ይቀርብኛል ብዬ አልነበረም። አንቺ ትቀሪብኛለሽ ብዬ ነው።

እናትሽ ስትሰጠኝ የለበስሽው ሰማያዊ ቀሚስ ጀርባው ላይ አምስት ትንንሽ ቁልፍ ነበረው። እስክታድጊ ድረስ ጠዋት ጠዋት የቆለፍኩልሽ እኔ ነኝ። ቀሚሱ እስካሁን አለ። ትናንት ከሳጥን አወጣሁትና አምስቱንም ቆለፍኳቸው።

አሰገደች